«ይቆጣጠራሉ» ወይስ «ያመነጫሉ»?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለታካሚዎች የሚታደል አንድ ገጽ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ «የበሽታ መከላከያ ምልክቶች በአጥንት መቅኔ ውስጥ የኢኦሲኖፊልን ምርት ይቆጣጠራሉ» ብዬ ጻፍኩ፤ ኢኦሲኖፊል ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ዓይነት ነው። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ኢኦሲኖፊልን ያመነጫሉ» በይ አለኝ። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ እኔ ብሆን ሁለቱንም አልጽፍም። ከግሱ በፊት ግን «ምልክቶች» የሚለው ያሳስበኛል። ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው «ምልክት» ሲባል የሚታየው ትኩሳት፣ ሳል፣ ማሳከክ ነው። እርስዎ የሚሉት ግን ከአንድ ሕዋስ ወጥቶ ሌላውን የሚያነሳሳ ንጥረ ነገር ነው። «መልእክት» ይበሉት። መልእክት ላኪም ተቀባይም አለው፤ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር የጎደለውም እሱ ነው።

አሁን ማን ምን እንደሚሠራ እንይ። አንጀት ውስጥ ትል ሲገባ ወይም ሳንባ በአለርጂ ሲቆጣ፣ የተነካው አካል ሽፋን የማንቂያ መልእክት ይለቃል። ይህ መልእክት የደረሳቸው የመከላከያ ሕዋሳት፣ በተለይ ቲ ኤች 2 (ከቲ ሕዋሳት አንዱ ዓይነት) እና አይ ኤል ሲ 2 የሚባሉት፣ ኢንተርሉኪን-5 የተባለ ሌላ መልእክት ያወጣሉ። እሱ በደም ተጉዞ መቅኔ ይደርሳል። እዚያ ገና ያልበሰሉት የኢኦሲኖፊል ሕዋሳት ለእሱ የተሠራ መቀበያ አላቸው። መልእክቱ ሲያርፍባቸው ይባዛሉ፣ ይበስላሉ፣ ወደ ደም ይወጣሉ። ኢንተርሉኪን-3 እና ጂ ኤም-ሲ ኤስ ኤፍ የሚባሉ ሌሎች መልእክቶችም ያግዛሉ፤ ዋናው ግን ኢንተርሉኪን-5 ነው።

«አመነጨ» ከ«ምንጭ» ጋር አንድ ቤት ነው። አመንጪ ከራሱ ያወጣል። ስለዚህ «ቲ ሕዋስ ኢንተርሉኪን-5ን ያመነጫል» ቢሉ ልክ ነው። ኢንተርሉኪን-5 ግን ከራሱ ኢኦሲኖፊል አያወጣም፤ ሕዋሱ የሚወጣው ከመቅኔ ነው። ባልደረባዎ አድራጊውን ቀይረውታል። ይህ ተራ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም። ሜፖሊዙማብ የሚባለው የአስም መድኃኒት የሚይዘው ኢንተርሉኪን-5ን ነው፤ መልእክቱ መቅኔ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። መልእክቱንና አምራቹን ያልለየ አንባቢ ይህን መድኃኒት ከየት ጀምሮ ይረዳዋል?

«ተቆጣጠረ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። «ጦሩ ከተማዋን ተቆጣጠረ» ሲባል ያዛት ማለት ነው። «እሳቱን ተቆጣጠሩት» ሲባል ገቱት ማለት ነው። የአማርኛ ጆሮ እዚህ ግስ ውስጥ መያዝንና መግታትን ይሰማል። ኢንተርሉኪን-5 ግን ይገፋፋል እንጂ አይገታም። የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን አንድ ላይ ካነሱ ነገሩ ይለያል። ለምሳሌ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን የኢኦሲኖፊልን ቁጥር ይቀንሳል። ያኔ «ይቆጣጠራሉ» ያስኬዳል፤ ለአንዱ ገፋፊ ብቻ ግን አይሆንም።

«ማምረት» የፋብሪካ ቃል ነው፣ ለአካል አይሆንም የሚሉ አሉ። አልስማማም። ፋብሪካ ሳይመጣ ገበሬው ከአውድማ ምርቱን ያስገባ ነበር። መቅኔ ያመርታል ማለት ጥሩ አማርኛ ነው። «ያስመርታል» ማለትም ሰዋስው አይከለክለውም፤ ሆኖም ጆሮ ላይ አለቃ ሠራተኛውን የሚያዝ ይመስላል። እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ትል ሰውነት ውስጥ ሲገባ የመከላከያ ሕዋሳት መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ የአጥንት መቅኔ ኢኦሲኖፊልን በብዛት እንዲያመርት ያደርጋል።»

አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፈልኩት። «በብዛት» የምትለዋን አይጣሏት፤ መቅኔው በጤናም ጊዜ ያመርታልና። ከ100 ነጭ የደም ሕዋሳት ከ1 እስከ 5 ያህሉ ብዙውን ጊዜ ኢኦሲኖፊል ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጅማ አንባቢ ይበልጥ ያስፈልጋል ብዬ ነው። ወስፋትና መንጠቆ ትል በአካባቢው የታወቁ ስለሆኑ ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ «ኢኦሲኖፊሌ ጨምሯል፣ ትል አለብኝ» ሊል ይችላል። አስምም፣ የቆዳ አለርጂም፣ አንዳንድ መድኃኒትም ቁጥሩን ይጨምራሉ። ስለዚህ «ኢኦሲኖፊል ከጨመረ ትል አለ» ብለው አይጻፉ። «ትል ሊኖር ይችላል፤ የሰገራ ምርመራ ያስፈልጋል» ይበሉ።