መኪናዎ የት ያድራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር ወር 2016 ዓ.ም ካሳወቀ ወዲህ፣ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች መልካቸው ተለውጧል። ቀድሞ ስለ ዘይትና ስለ ካምቢዮ ይጠይቁን የነበሩ አንባቢያን አሁን ስለ ባትሪና ስለ ሶኬት ይጠይቁናል። ለዛሬ አምስት ደብዳቤዎችን መርጫለሁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ሌሎቹን ሁሉ የሚቀድም በመሆኑ ሰፋ አድርጌ መልሼዋለሁ።

ጥያቄ፦ በአያት አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ሥራዬ ሜክሲኮ ሲሆን በቀን ደርሶ መልስ የምሄደው ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፤ ነገር ግን ማቆሚያው በጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ከመስኮቴ ኤክስቴንሽን አውርጄ ቻርጅ ማድረግ እችላለሁ? ወይስ ፈጣን ቻርጀር ወዳለበት ጣቢያ እየሄድኩ ብሞላ ይሻላል? (መምህርት፣ ከአያት)

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ከመስኮት ኤክስቴንሽን አያውርዱ። በገበያ የምናገኘው ተራ ኤክስቴንሽን ለሞባይል፣ ለቴሌቪዥን ወይም ለጥቂት ደቂቃ ለሚሰካ ካውያ ይሆናል እንጂ፣ 8 ወይም 10 አምፔር ያለ ዕረፍት ለሰዓታት እንዲሸከም ተብሎ የተሠራ አይደለም። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ደግሞ ብዙ ጊዜ መሰኪያው የቻይና ስለሆነ ከእኛ ሶኬት ጋር አይገጥምም፤ ባለቤቱም ከሱቅ ትንሽ አዳፕተር ገዝቶ ይቀጥልበታል። እንዲህ ያለው አዳፕተር ብዙ ጊዜ የመሬት ሽቦውን (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የሚወስደውን) ግንኙነት ያቋርጣል፤ ብረቱም አጥብቆ ስለማይዝ እየጋለ ይሄዳል። እኔ ራሴ መኪናዬን በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀስቅሶኝ ስወጣ አዳፕተሩን ከሶኬቱ ጋር ቀልጦ ተጣብቆ አገኘሁት። ልጆቼ ከግድግዳው ማዶ ተኝተው ነበር። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ስለዚህ ነገር አለሳልሼ መናገር አልችልም።

ይሁን እንጂ በደብዳቤዎ ውስጥ ደስ ያሰኘኝ ቁጥር አለ፤ እርሱም 40 ኪሎ ሜትር ነው። ትንሽ የከተማ መኪና በአዲስ አበባ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ11 እስከ 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚበቃው፣ የእርስዎ የቀን ጉዞ 5 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም፤ ሲሞላ የሚባክነው ቢጨመርበት እንኳ 5.5 ቢደርስ ነው። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ምጣድዎን ያስቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ፣ አንድ ሰዓት ተኩል እንጀራ ሲጋገርበት የሚበላው ኃይል ከመኪናዎ የአንድ ቀን ጉዞ ጋር ይስተካከላል። 2 ኪሎዋት የሚሰጥ ጤነኛ ሶኬት ይህን በሦስት ሰዓት ይተካል። ስለዚህ ሻጮች የሚያወድሱት 7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር ለእርስዎ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልግዎ ሌሊቱን ሙሉ የሚታመን አንድ ሶኬት ነው።

ያን ሶኬት ለማግኘት መንገድ አለ። ቆጣሪዎቹ ምድር ላይ በአንድ ቦታ በተሰበሰቡባቸው ሕንፃዎች፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ከራስዎ ቆጣሪ በኋላ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር አውጥቶ፣ በቱቦ ውስጥ አሳልፎ፣ እስከ ማቆሚያው ግድግዳ ድረስ ሊዘረጋልዎ ይችላል። ሽቦው ከ4 ካሬ ሚሊ ሜትር አይቅጠን፤ የመሬት ሽቦ ይኑረው፤ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መኪናው አካል ሲፈስስ የሚቆርጥ ብሬከርም ይገጠምበት። የቻርጀሩን መሰኪያ በአዳፕተር ከመቀጠል ይልቅ፣ ለቻርጀሩ መሰኪያ የሚስማማ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ያስገጥሙ። ለዚህ ሁሉ የነዋሪዎች ማኅበሩን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱም ቆጣሪዎ ጭነቱን እንደሚችል ያረጋግጥልዎት። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መኪናውን አይሰኩ፤ ሁለቱ በአንድ ላይ የቆጣሪውን ዋና ብሬከር ሊጥሉት ይችላሉ። ወጪውን ሲያስሉ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም በእርከን የሚያድግ መሆኑንና ከ2017 ዓ.ም መጀመሪያ አንሥቶ በየደረጃው ከፍ እያለ መምጣቱን አይርሱ፤ በወር 26 ቀን ቢነዱ 143 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ከላይኛው እርከንዎ ላይ ይደመራል።

ፈጣን ቻርጀር ያላቸው ጣቢያዎች ለመንገደኛና ለችግር ቀን ጥሩ ናቸው። ኑሮን በእነርሱ ላይ መመሥረት ግን በየሳምንቱ ሰልፍ ላይ ማደርን፣ መብራት ሲጠፋም መቅረትን ያመጣል። ማኅበሩ ከከለከለዎትና በሥራ ቦታዎም ሶኬት ካላገኙ፣ ገንዘብዎን ይዘው ቢቆዩ እመርጣለሁ። ይህን የምለው መኪናውን ጠልቼ አይደለም፤ ማደሪያ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቱን እንዴት እንደሚያንከራትት ስላየሁ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት መኪና አማርጠውኛል። አንዱ 170 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለ ውሊንግ ሚኒ፣ ሌላው 305 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለ ቢዋይዲ ሲጋል ነው። ቤቴ ሽሮ ሜዳ በላይ ነው፤ በወር አንድ ጊዜም ወላጆቼን ለመጠየቅ አዳማ እወርዳለሁ። ቁጥሮቹ ይታመናሉ? (ነጋዴ፣ ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ቁጥሮቹ የተለኩት በላቦራቶሪ፣ በሜዳማ መንገድ ልክና በዝግታ በሚደረግ ጉዞ ስለሆነ፣ ከአምስቱ አንድ እጅ ቀንሰው ይቀበሏቸው። እኔ 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በሚይዝ ባትሪ በከተማ ውስጥ ከ230 እስከ 250 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ።

ዳገቱን ግን አይፍሩት። ቤንዚን ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ የሚያጣው የለም። ሦስት ሰው የያዘ ሲጋል 1,370 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይህን ክብደት 700 ሜትር ሽቅብ ወደ እንጦጦ ጫፍ ለማውጣት ብቻ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ ይህም ከባትሪው አሥር በመቶ አይሞላም። ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ መኪናውን ይይዛል፤ ከወጣው ኃይልም ግማሽ ያህሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከሽሮ ሜዳ በላይ ለሚኖር ሰው ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት ከጀመሩ የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ ስለማያገኝ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ጉልበት ይደክማል፤ ጭነቱም በፍሬን ላይ ይወድቃል። ማታ 90 በመቶ ላይ እንዲያቆም ቢያደርጉት ይህን ያስቀሩታል።

ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አዳማ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ስለዚህ በመሄጃው የተረፈዎትን ባትሪ አይተው አይደሰቱ፤ መመለሻው ያንኑ ከፍታ መልሶ ያስወጣዎታል። በሲጋል በሰዓት ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ቢነዱ ደርሰው ሊመለሱ ይችላሉ፤ 120 ከነዱ የአየሩ ግፊት ባትሪውን ስለሚጨርሰው በወላጆችዎ ቤት መሙላት ይኖርብዎታል። ለማንኛውም ማታ እዚያው ሲያድሩ ቢሰኩት ጥሩ ነው። ውሊንግ ሚኒ ለዚህ ጉዞ አይመከርም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ሞተሩ 20 ኪሎዋት ብቻ ነው፣ ፈጣን ቻርጅ አይቀበልም፣ ኤርባግም አልነበረውም። ርዝመቱ 3 ሜትር ስለማይሞላ በመርካቶ መንገድ ላይ እጅግ ይመቻል፤ ቤተሰብ ጭኖ ከከባድ መኪኖች ጋር በፍጥነት መንገድ ላይ እንዲሮጥ ግን ሕሊናዬ አይፈቅድም።

ጥያቄ፦ የምሠራው ዱባይ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ትንሽ መኪናዬ እኔ ስመለስ ብቻ ስለምትነዳ አንዳንዴ ሦስት ወር ትቆማለች። እኅቴ ባትሪው እንዳይሞት ብላ ሁልጊዜ ሰክታ ትተዋታለች። ልክ ናት? (ከዱባይ)

መልስ፦ እኅትዎ ያሰቡት ለበጎ ነው፤ ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ባትሪ የሚስማማው ግማሽ አካባቢ መሆኑ ነው። ከ50 እስከ 60 በመቶ ሞልተው ይንቀሉትና በየወሩ አንድ ጊዜ ያስዩት። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ትልቁ ባትሪ ሳይሆን በሩንና ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ እኅትዎ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ አስነሥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ቢያቆዩት ወይም ሰፈሩን ቢዞሩበት አይደክምም።

ሲነዱት ደግሞ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ የቻይና መኪኖች ባትሪያቸው የብረትና የፎስፌት ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነቱ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ 100 በመቶ ቢሞላ አይጎዳም፣ እንዲያውም መኪናው የቀረውን መጠን በትክክል እንዲያነብ ይረዳዋል። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ባትሪ ከሆነ ግን ዕለት ዕለት 80 በመቶ ላይ ማቆም ይገባል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከመኪናው መመሪያ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ መንገዱ ጎርፍ ሲሞላ ኤሌክትሪክ አይዘኝም? (ከቄራ)

መልስ፦ አይዝዎትም። ብዙዎቹ ባትሪዎች 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ እንዲችሉ ሆነው የታሸጉ ናቸው፤ ሽቦው ከአካሉ ከተነካካም መኪናው ራሱ ኃይሉን ይቆርጣል። ሆኖም ይህ ማሸጊያ የተለካው በአዲስነቱ ነው። የእነዚህ መኪኖች ሆድ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ በኮብልስቶን ጉብታና በተከፈተ የፍሳሽ ክዳን ላይ የተመታ ባትሪ ያው ጥበቃ አለው ማለት አይቻልም። ከታች ከተመቱ፣ ምንም ባይሰማዎትም፣ ጋራዥ ወስደው፣ መኪናውን ወደ ላይ አስነሥተው ሥሩን ያሳዩት፤ ጎርፉ ከጎማው ግማሽ ካለፈ ደግሞ አይግቡበት። ብዙዎቹ ስኮርት ጎማ ይዘው ስለማይመጡም ጎርፍ የሸፈነው ጉድጓድ ጎማዎን ቢቀድድብዎት መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ እኔ መኪና የለኝም፤ ዓይነ ሥውር ነኝ። በሰፈራችን የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ሲመጡ አይሰሙኝም፤ ማታ ማታ ደግሞ ከአጥር ውስጥ እስከ መንገድ ዳር የተዘረጋ ኬብል በትሬን እያሰናከለ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። ለባለቤቶቹ አንድ ቃል ይጻፉልኝ። (ከጎተራ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ድምፁ መፍትሔው በመኪኖቹ ውስጥ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የሚመዘገብ ማንኛውም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሚሄድበት ጊዜ እግረኛ የሚሰማው ድምፅ እንዲያወጣ ግዴታ ነው፤ ወደ እኛ የሚገቡት ብዙዎቹም ይህ ድምፅ አላቸው። አንዳንዶቹ ግን ማጥፊያ ስላላቸው፣ ባለቤቶች ጩኸቱ ሰልችቷቸው ያጠፉታል። እባካችሁ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ከግቢ ስትወጡና ወደ ኋላ ስትነዱም መስኮታችሁን ዝቅ አድርጉ።

ኬብሉን በተመለከተ፣ የእግረኛ መንገድ የማንም መኪና ማደሪያ አይደለም። መኪናው ከአጥር ውጭ ከማደር ሌላ ምርጫ ከሌለው፣ ሶኬቱ መኪናው ከሚቆምበት ጎን በአጥሩ ላይ፣ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ይገጠም፤ ኬብሉም ከግድግዳው ወደ መኪናው አጭር ሆኖ ይግባ እንጂ መተላለፊያውን አያቋርጥ። ይህን ለማሠራት የግማሽ ቀን የኤሌክትሪሺያን ሥራ ይበቃል። የጎተራ ነዋሪዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ዛሬ ማታ ከመሰካታችሁ በፊት ወጥታችሁ ኬብላችሁ የት እንደተኛ እዩልኝ።