የትኛው ዘመን ስታር ትሬክ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ስታር ትሬክ የተባለውን የጠፈር ጉዞ ተከታታይ ድራማ ማየት የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው «ዲስከቨሪ» ነው። ኋላ ላይ የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን ተከታታይ ድራማዎች ሳይ ግን፣ የመርከቡ ግድግዳ የስቱዲዮ ሰሌዳ መሆኑ እየታወቀኝም እነሱን አብልጬ ወደድኩ። ጓደኞቼ «ትዝታ ነው» ይሉኛል፤ እኔ ግን ያኔ ገና አልተወለድኩም። እርስዎ የትኛውን ዘመን ይመርጣሉ? ለምንስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምርጫችን አንድ ነው፤ ምክንያቱም ትዝታ አይመስለኝም። ከ1966 እስከ 1969 የታዩትን 79 የመጀመሪያ ክፍሎች በመሠረትነታቸው አከብራቸዋለሁ፤ ደጋግሜ የምመለሰው ግን «ኔክስት ጄኔሬሽን» ሦስተኛ ምዕራፉን ከያዘበት ከ1989 አንስቶ «ዲፕ ስፔስ ናይን» እስከተጠናቀቀበት እስከ 1999 ወዳለው ዘመን ነው።

የዚያን ዘመን ጠባይ የወሰነው፣ በእኔ እምነት፣ የክፍሎቹ ብዛት ነው። በአንድ ምዕራፍ 26 ያህል ክፍል ይሠራ ስለነበር ደካማ ክፍሎች መውጣታቸው አልቀረም፤ በሌላ በኩል ግን ጸሐፊዎቹ ፍንዳታም ጦርነትም የሌለበትን አንድ ሙሉ ክፍል ለአንድ ሰው ሕይወት ሊሰጡ ይችሉ ነበር። በ1992 በታየው የ«ኔክስት ጄኔሬሽን» ክፍል «ዘ ኢነር ላይት» የመርከቡ አዛዥ ካፒቴን ፒካርድ ራሱን በሳተባት ግማሽ ሰዓት እንኳ በማትሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ከጠፋች ዓለም ሕዝብ ጋር አግብቶ፣ ወልዶና አርጅቶ አንድ ዕድሜ ይኖራል፤ ሲነቃ ከዚያ ሕይወት በእጁ የሚቀረው አንዲት ዋሽንት ናት። እንዲህ ያለውን ክፍል ለመሥራት የዋናውን ታሪክ ሩጫ ማስቆም ግድ ይላል፤ የዛሬዎቹ አሥር ክፍል ብቻ ያላቸው ምዕራፎች ደግሞ ለዚህ እምብዛም ጊዜ የላቸውም።

የገንዘብ እጥረትም የራሱ በረከት ነበረው። ለትልልቅ ትርዒቶች የወጣውን ወጪ ለማካካስ በጥቂት ተዋናዮችና በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚያልቁ ታሪኮች ይጻፉ ነበር፤ በ1993 የወጣው የ«ዲፕ ስፔስ ናይን» ክፍል «ዱኤት» ከእነዚህ አንዱ ነው። የቀድሞዋ የነጻነት ታጋይ ኪራ፣ በሕዝቧ ላይ ግፍ የፈጸመ አዛዥ ነኝ የሚል አንድ ካርዳሲያዊ (የሕዝቧ የቀድሞ ገዢዎች ወገን የሆነ) እስረኛ ትመረምራለች። ሰውዬው ግን በዚያ የግዞት ካምፕ ጸሐፊ የነበረ፣ ግፉን ማስቆም ባለመቻሉ ኅሊናው የቆሰለ ሰው ነው፤ የአዛዡን ስም የወሰደውም እርሱ ለፍርድ ሲቀርብ አገሩ ጥፋቷን እንድታምን ብሎ ነው። ኪራ ነጻ ብታወጣውም አንድ የገዛ ወገኗ በጩቤ ይወጋዋል፤ ገዳዩም የሟቹ ካርዳሲያዊነት ብቻ ለመግደል እንደሚበቃ ሲናገር፣ እሷ አስከሬኑን ታቅፋ እንደማይበቃ ትመልስለታለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ የምናየው ከሞላ ጎደል የሁለት ሰዎችን ፊት ነው፤ እኔ ግን በስታር ትሬክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት አላየሁም።

አዲሱን ዘመን ፈጽሜ አልነቅፍም። በ2022 የጀመረው «ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ» በየክፍሉ ራሱን የቻለ ታሪክ ወደ መንገር በመመለሱ ደስ ብሎኛል፤ ከአዲሶቹም እርሱን አስቀድማለሁ።

እርስዎ «ዲፕ ስፔስ ናይን»ን ገና ካልጨረሱ፣ ክፍሎቹን ሳይዘሉ በተራ እንዲያዩ እመክራለሁ። ታሪኩ የሚካሄድበት የጠፈር ጣቢያ እንደ መርከብ ጥሎ ስለማይሄድ፣ በአንዱ ክፍል የተሠራ ጥፋት ከብዙ ክፍሎች በኋላ ተመልሶ ባለቤቱን ይጠይቃል።