ሞተሪኖውን ከማውረዳችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ ደውሎ፣ "ጋሼ፣ ቁልፉን ሳዞረው 'ቋ' ይልና ዝም ነው። ሞተሪኖው ሞቷል መሰለኝ፤ ልቀይረው?" አለኝ። ሞተሪኖ ማለት ቁልፉ ሲዞር የአውሮፕላኑን ሞተር አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። "ቴስተር ይዘሃል?" አልኩት፤ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ማለቴ ነው። አልያዘም። ሌሎቻችሁም እዚሁ ጥያቄ ላይ መድረሳችሁ ስለማይቀር ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

እኔ ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ በትልልቅ አውሮፕላኖች ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሽቦ ቁጥር አለው፤ ማኑዋሉን ገልጦ መከተል ነው። አሜሪካ መጥቼ ሰዎች በየጋራዣቸው የሠሯቸውን ትንንሽ አውሮፕላኖች ስነካ ግን ሌላ ዓለም ሆነብኝ። ባለቤቱ ለመማርና ለመዝናናት ብሎ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሆነውን በእጁ ከሠራው፣ የአገሩ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት "ኤክስፐሪመንታል" ተብሎ እንዲበር ይፈቅድለታል። ሽቦውን በየት እንዳሳለፈው፣ ማሳውን (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን) የት እንዳሰረው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንዳንዱም ረስቶታል። አውሮፕላኑ ተሽጦ ሦስተኛ ሰው እጅ ከገባማ የሚጠየቅም አይገኝ።

ከሁሉ በፊት ፕሮፔለሩን ፍሩት። ማግኔቶ የባትሪ ጥገኛ አይደለም፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚያመነጨው ራሱ ነው። ቁልፉ የሚያጠፋው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ከማሳ ጋር እያገናኘ ነው፤ ሽቦዋ ከተበጠሰች ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ሆኖም ማግኔቶው በርቷል፣ ፕሮፔለሩ ትንሽ ቢነካም ሞተሩ ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ለመለካት ስትዘጋጁ ነዳጁን ዝጉ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ፣ ብልጭታውን ሲሊንደር ውስጥ የሚያወጡትን የካንዴላዎቹን ሽቦ ሁሉ ነቅላችሁ ጫፋቸውን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩ። ካንዴላዎቹን ራሳቸውን ግን አትፍቱ፤ የሲሊንደሩ እመቃ ከሌለ ሞተሪኖው አይከብደውም፣ ልኬቱም ያታልላችኋል።

ሙሉ ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። በዚህ አትታለሉ፤ ያረጀ ባትሪም ካልሠራ ቮልቱ ያምራል። ጓደኛችሁ ቁልፉን ሲያዞር ለኩት። ከ10 ቮልት በታች ከወረደ፣ ሶሌኖይዱም (ቁልፉ ሲዞር ኤሌክትሪኩን ለሞተሪኖው የሚለቀው ማብሪያ) 'ተተተተ' እያለ ከተንቀጠቀጠ፣ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ። ባትሪው 12 ላይ ጸንቶ ሞተሪኖው ካቃሰተ ወይም ዝም ካለ ግን መንገድ ላይ የሚበላ አለ። አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ኬብሉ ከሞተሪኖው ጋር የታሰረበት ብሎን ላይ አድርጉና ቁልፉ ይዙር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበባችሁ ሶሌኖይዱንና መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ለኩ። ቀጥሎ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ድረስ፤ እዚህ ከ0.3 ቮልት በላይ አልወድም። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ በሽታውን በአብዛኛው ያገኘሁት ግን እዚሁ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ሞተሪኖው 200 አምፒር ሲስብ፣ የዛገ መገጣጠሚያ ላይ የአንድ ኦም መቶኛ ብቻ ቢኖር 2 ቮልት እዚያው ይቀራል። ያቺን ታህል ነገር ተራ ቴስተር በኦም አያያትም፤ በቮልት ግን ትጋለጣለች።

ይህን ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን ሰው ካከሰርኩ በኋላ ነው። ባለ ሁለት መቀመጫ የአልሙኒየም አውሮፕላን ነበር፤ ሞተሪኖው ፕሮፔለሩን ግማሽ ዙር ወስዶ ይቆማል። ሳልለካ "ሞቷል" ብዬ አወረድኩት፤ ባለቤቱ ከ500 ዶላር በላይ አውጥቶ አዲስ ገዛ። አዲሱም ያው ግማሽ ዙር! ደጋግመን ስንሞክር ሰውዬው እጁን ከስሮትሉ፣ ከነዳጅ መስጫው እጀታ፣ ላይ ሰበሰበና "ይሄ ነገር ይፋጃል" አለ። ያኔ ነው የበራልኝ። ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ ስለሆነ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው የተጎነጎነው የማሳ ገመድ ነው። ገመዱ ላዩ ደህና መስሎ ከጫፉ ሥር፣ ሽፋኑ ውስጥ፣ ተበልቶ አልቋል። ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ሲያጣ በስሮትሉ ኬብል በኩል ይመለስ ነበር። ትንሽ ብንቀጥል ኬብሉ ተበይዶ ይቀር ነበር፤ እሱም መሬት ላይ ሆነን ከሆነ ነው ዕድለኞች የምንባለው።

ፋይበርግላስ ሲሆን ደግሞ አካሉ ማሳ አይሆንም። አሜሪካዊው የአውሮፕላን ነዳፊ በርት ሩታን የነደፈው ሎንግ ኢዚ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የበረረው፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሲቆም የፊት ጎማውን አጥፎ እንደ ግመል በአፍንጫው ይንበረከካል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ፣ ሚዛን ለመጠበቅ ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫው ውስጥ ይገባል። ኬብሉ መሄጃም መመለሻም ይፈልጋል፤ ድምሩ 7 ሜትር ቢሆን በ4 ቁጥር ሽቦ 250 አምፒር ሲያልፍ 1.4 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ በ2 ቁጥር 0.9። (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ ይህን ያወጣው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።) ክብደት የሚሰስት ሠሪ ቀጭኑን ይመርጥና በክረምት ጧት ያዝናል። ብዙዎቹማ ሞተሪኖ ጭራሹን ሳያስገቡ ፕሮፔለሩን በእጅ እያዞሩ ያስነሱት ነበር።

ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ከዞረና ፕሮፔለሩ ካልተነቃነቀ፣ ጥርሱ ወጥቶ ቮላኖውን (የሞተሩን ጥርሳም መዘውር) አልነከሰም፤ ቆሻሻውን አጽዱለት፣ ዘይት ግን አትቀቡት፣ አቧራ ይሰበስባል። የሞተሪኖው አፍንጫ ሁለቴ ከተሰበረባችሁ ግን ሦስተኛ አትግዙ። ላይኮሚንግ በሚባሉት ብዙ የአውሮፕላን ሞተሮች ሲነሣ ብልጭታውን የሚያዘገየው ከሁለቱ ማግኔቶዎች የግራው ብቻ ነው፤ የቀኙ እስኪነሣ ድረስ መጥፋት አለበት። ከቁልፉ ኋላ ያለችው ትንሽ ማገናኛ ከተረሳች የቀኙ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ፣ 25 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይተኩስና ሞተሩ ወደ ኋላ ይራገጣል። ሰባሪው እሱ ነው።

የደወለው ልጅ በማግስቱ ቴስተር ገዝቶ ለካ፤ በማሳው በኩል 1.8 ቮልት። አንድ ዳዶ ላልቶ፣ ሥሩ ቀለም ተቀብቶ ነበር። እኔ "ሞቷል" ብዬ ያወረድኩትን ሞተሪኖ ደግሞ ባለቤቱ ለሃንጋር ጎረቤቱ ሸጠለት። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ እሰማዋለሁ፤ በመጀመሪያው ንክኪ ነው የሚያስነሳው።