ከልጅ ጋር በሳይክል ወጥቶ ድንኳን ማደርን ለጠየቅከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ "የ4 ዓመት ልጃችንን ይዘን በሳይክል ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን አንድ ሌሊት በድንኳን ማደር አስበናል፣ ባለቤቴ ግን ፈርታለች፣ በየት በኩል እንሂድ ምንስ እንያዝ" ብለህ የጻፍከውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። እኛም እንደናንተው ሁለት ሳይክልና አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ይዘን ነው የወጣነው። ኮመንት ላይ "ህፃን ይዞ ምን አስወጣችሁ፣ ሶደሬ ሄዳችሁ ዋኙ" የሚሉህን አትስማቸው። ይቻላል፣ አድርገነዋል፣ ልጄ አሁን አባቷ የሳይክል ጎማ ሲነፋ ካየች ሄልሜቷን ራሷ አምጥታ በር ላይ ነው የምትጠብቀው።

ስለ ድንኳን ዓይነት ምናምን ሌላው ይነግርሃል። እኔ እኛን ያንገበገበንን ልንገርህ።

1. የማደሪያ ፈቃዳችሁን በወረቀት ያዙ። ማህተም ያለው፣ ቀኑ የተጻፈበት፣ የሁላችሁም ስም የልጅህም ጭምር የሰፈረበት። "ደውዬላቸው እሺ ብለውኛል" የሚባል ነገር አይሰራም። እኛ ደውለን ያናገርነው ሰውዬ እንዴት ያለ ትሁት ሰው መሰለህ፣ "ኑ ምንም ችግር የለም፣ ዘበኛው ይከፍትላችኋል" አለን። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቢሮ ነው። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዳገት ስንገፋ ውለን 11 ሰዓት ላይ ደረስን፣ ዘበኛው ኃላፊውን አናግሩ አለን፣ ኃላፊው ስልኩን እየነካካ ቀና እንኳን ሳይል "ደብዳቤ" አለ። በስልክ ተፈቅዶልናል አልኩት። "ማነው የፈቀደላችሁ?" ስሙን ነገርኩት። "እሱ ሰኞ ነው የሚገባው።" በቃ።

እሺ ሰኞ እስኪገባ እኛ የት እንደር ብዬ ስጠይቀው እኔን ትቶ ወደ ባለቤቴ ዞሮ "ቤት የላችሁም እንዴ? ህፃን ይዞ ሜዳ ላይ ማደር ምን የሚሉት ነገር ነው?" አለው። ያናገርኩት እኔ፣ የደወልኩት እኔ፣ የመለሰው ግን ለሱ። ልጄ ሰምታ ቀሚሴን እየጎተተች "እማዬ ቤት የለንም እንዴ?" አለችኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ደንብ ነው ካለ ደንቡን በትህትና ይንገረኝ፣ ውሃ እንኳን ጠጡ አይባልም? ለመንኩት፣ መታወቂያ አሳየሁት፣ የድንኳን ክፍያውን እጥፍ እንክፈል አልነው፣ ሰውዬው ተነስቶ ቢሮውን ቆልፎ ሄደ።

ወደ ከተማ እንዳንመለስ እየመሸ ነው፣ አስፋልቱ ሲኖትራክ በሲኖትራክ ነው፣ ያንን መንገድ በጨለማ ልጅ ጭኖ መሄድ ደግሞ ራስን እንደመግደል ነው። ትንሽ ገፋ ብለን አንድ ግቢ በር ላይ ቆመን "የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን" አልናቸው። አንዲት እናት ወጡ፣ ልጄን አዩዋት፣ ሌላ አልጠየቁንም። ድንኳናችንን ከጭድ ክምሩ ጎን ተከልን፣ ወተት አፍልተው አመጡላት፣ ሌሊቱን ጅቡ ሲጮህ ውሾቻቸው ስላሉ ምንም አልመሰለንም። ጠዋት ገንዘብ ብንሰጥ በፍጹም እምቢ አሉ። ስለዚህ ስትወጡ ስኳርና ቡና ቋጥራችሁ ያዙ፣ ብር የማይቀበል ሰው እሱን ይቀበላችኋል።

ደብዳቤውን እንዲህ ነው የምታወጣው፦ በስራ ቀን በአካል ሂድ፣ ማመልከቻ ጽፈህ መዝገብ ቤት አስገባ፣ ቁጥር ይሰጠው፣ መልሱን ሳትይዝ አትመለስ። ከዛ ሶስት ኮፒ አድርግ፣ አንዱን በር ላይ ይወስዱብሃልና። እኛ ሌላ ጊዜ በደብዳቤ ስንሄድ ያው ሰውዬ ነበር፣ አንብቦ ማህተሙን አገላብጦ አይቶ አንድ ቃል ሳይናገር አስከፈተልን። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

2. ከቤት ጀምሮ በሳይክል መውጣት አለብን አትበሉ። ከከተማ መውጫውን ሳይክሉን በፒክአፕ ወይ በትንሽ አይሱዙ ጫኑት። በአምቦ መንገድ ከሆነ ቡራዩን በመኪና አልፋችሁ ገፈርሳ ግድቡ ጋ አውርዱና ከዛ ንዱ፣ አየሩም ይቀየራል ልጅህም ውሃውን እያየ ይሄዳል። በሱሉልታ ከሆነ ደግሞ የእንጦጦን ዳገት በመኪና ጨርሱትና ሜዳው ላይ ጀምሩ፣ ሯጮቹ የሚለማመዱበት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ልጅህ አብሮ "አይዞህ! በርታ!" ሲል ይውላል። ስትመለሱ እንጦጦን ቁልቁል በሳይክል እንዳትወርዱት፣ ልጅና ሻንጣ የጫነ ሳይክል ፍሬኑ ይግላል፣ ይግልና አልይዝ ይላል። ባለቤቴ ይሄን ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው እኛ በሰላም የገባነው፣ እሱ ልጅ ሆኖ ሳይክል ሰሪ ጋ እየዋለ ነው ያደገው።

ወደ ቢሾፍቱ ካሰባችሁ ፈጣን መንገዱ ለሳይክል ክልክል ነው፣ በአቃቂ በዱከም ያለው አሮጌው መንገድ ደግሞ የከባድ መኪና ነው፣ ከልጅ ጋር አልመክርም። ቢሾፍቱ ዝቅ ስለሚል ሌሊቱ ይሞቃል፣ ለዛ ብላችሁ ከሆነ ሳይክሉን ጭናችሁ እዛ ሐይቆቹ አካባቢ ንዱ።

ለኔ ግን ከሁሉም መናገሻ ሱባ ጫካ ይበልጥብኛል። ከሰበታም ከመናገሻ ከተማም በኩል ይገባል፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ትገፋላችሁ፣ ግን መኪና አያስፈራችሁም። ዛፉን ስታየው ትገረማለህ፣ ያ ሁሉ ጽድ! በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ልጄ ምሳዋን ረስታ ነው የዋለችው። ወደ ወጨጫ ተራራ ጫፍ እንውጣ እንዳትሉ፣ 3,385 ሜትር ነው፣ ለህፃን አይሆንም።

የትም ብትሄዱ በዋዜማው የአካባቢውን ሰው ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፣ ትንሽ ካቅማማ ቅሩ። ጫካው የትም አይሄድም።

3. መቀመጫ። ተጎታች ጋሪ ከውጭ ላስመጣ ላልከው፣ ገንዘብህን አታባክን። ጋሪው ሰፊ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ሹፌሩ አያየውም። ከኋላ የሚታሰር መቀመጫ ይበቃችኋል፣ አብዛኛው እስከ 22 ኪሎ ነው የሚችለው፣ ልጅህን መዝነው። በብየዳ አስይዘው የሚሉህን ሰዎች እንዳትሰማ፣ ብየዳ በኮረኮንች ላይ ይለቃል፣ በብሎን ይታሰር፣ ብሎኑን ጠዋት ጠዋት አጥብቀው። እንቅልፍ ሲይዘው አንገቱ ይንጠለጠላል፣ ያኔ ማውረድ ነው፣ ለሰዓት ብላችሁ እንዳትቀጥሉ።

ብርዱ ደግሞ፣ ይሄን ባለቤትህ ታንብበው። እናንተ እየነዳችሁ ላብ በላብ ናችሁ፣ ልጁ ግን ቁጭ ብሎ ንፋስ ነው የሚቀበለው። እኔ አንድ ሹራብ ለብሼ እሷ ሁለት ሹራብ፣ ጋቢ፣ ካልሲ በካልሲ ነበረች፣ እጇን ስነካው በረዶ ነው። በህዳርና በታህሳስ እነ ሱሉልታ ሆለታ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ድንኳኑ ላይ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ልጁን መሀላችሁ አስተኙት፣ ከስር ፍራሽ ወፈር ይበል፣ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ቀን ፀሀዩ ደግሞ ፊት ይልጣል፣ ቅባትና ኮፍያ አትርሱ። ክረምት አትሞክሩት፣ ጥቅምት አጋማሽ ጥሩ ነው፣ ጭቃው ደርቋል ብርዱ አልጠናም።

ምግብ ላይ አትጨነቁ። በሶ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አለቀ። በሶ በስኳር ለልጅ ምን የሚያህል ነገር አለ! ውሃውን አፍሉ ወይ ውሃ አጋር ጨምሩበት፣ ምንጭ ነው ንፁህ ነው ቢሏችሁም። ከመነዳሪ ሁለት ትርፍ ያዙ፣ እሾህ አለ።

ውሻ ካሳደዳችሁ አትሩጡ፣ ውረዱና ሳይክሉን በናንተና በውሻው መሀል አድርጋችሁ በእግር እለፉ፣ እረኛው ራሱ ይጠራላችኋል። ልጅ ከነከሰ ግን ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥባችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ነው፣ የእብድ ውሻ ነገር ነገ አይባልም።

ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ማደሪያችሁ ድረሱ፣ በር ላይ እንኳን ቢመልሷችሁ ሌላ የምትፈልጉበት ብርሃን ይኖራችኋል። ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ ካልገባህ የኛ ኮፒ ስላለኝ ኢንቦክስ አድርግልኝ፣ ስሙን ደልዤ ፎቶውን እልክልሃለሁ። ባለቤትህም ከፈለገች እኔን ታናግረኝ፣ በስራ ቀን ማታ ማታ ስልኬ ክፍት ነው።