«እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም፤ በሒሳብ ነው የምወራረደው»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ዕድሜዬ 27 ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ። የእግር ኳስ ውርርድ ከጀመርኩ ቆየሁ። ግን እንደ ሌላው ሰው ዝም ብዬ ቲኬት አልቆርጥም። ቴሌግራም ላይ በየወሩ የምከፍለው አንድ ታማኝ ቲፕስተር (የጨዋታ ውጤት እየገመተ የሚመክር ሰው) አለኝ፤ እሱ የላከውን ነው የማስይዘው። በአንድ ጨዋታ ከያዝኩት ብር ከመቶ ሁለት በላይ አላወጣም። ሁሉንም ደብተር ላይ እመዘግባለሁ። ዓላማዬ የረጅም ጊዜ ትርፍ ነው። የእንግሊዞቹ ክለቦች የብራይተንና የብሬንትፎርድ ባለቤቶችም የከበሩት በዚሁ መንገድ ነው። ሐዋርያትስ ዕጣ ጥለው የለ? ታዲያ ይሄ ቁማር ይባላል? ከትርፉ አሥራት ባወጣስ? ታናሽ ወንድሜም እኔን አይቶ ጀምሯል፤ እሱ ነው ትንሽ ያሳሰበኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ እንዴት ነህ? ከጻፍከው ውስጥ ደብተሩን ወደድኩት። አብዛኛው ሰው የበላውን እንጂ የተበላውን አይጽፍም። እስቲ ግን አንድ ነገር እይልኝ። በየወሩ ለቲፕስተሩ የምትከፍለው ደብተሩ ላይ አለ? ወንድምህ የተበላውስ? እሱም አንተን አይቶ ነው የጀመረው። እነዚህን ከጻፍክ በኋላ ደምረው፤ ከዚያ «ትርፍ» የምትለውን እንነጋገራለን።

መምህር ምን አግብቶት ስለ ኦድ (ካሸነፍክ ያስያዝከው ብር በስንት እንደሚባዛ የሚነግረው ቁጥር) ያወራል እንዳትለኝ። ንስሐ ልግባ ብሎ ከሚመጣው ወጣት ብዙው ይህንን ይዞ ስለሚመጣ ሳንወድ ተምረነዋል።

አንድ ጨዋታ ውሰድ። ባለሜዳው ቢያሸንፍ 2.40፣ እኩል ቢወጡ 3.10፣ እንግዳው ቢያሸንፍ 2.80 ተሰጥቷል እንበል። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን 100 ብር እንዲደርስህ ሦስቱንም ልያዝ ብትል፣ ለመጀመሪያው 41 ብር ከ67፣ ለሁለተኛው 32 ብር ከ26፣ ለሦስተኛው 35 ብር ከ71 ማስያዝ አለብህ። ድምሩ 109 ብር ከ64 ሳንቲም ነው። 100 ብር ለመቀበል ማለት ነው! ያቺ ዘጠኝ ብር ከምናምን የአወራራጁ ቤት ናት፤ ማንም ያሸንፍ ማን። አምስት ጨዋታ አንድ ቲኬት ላይ ስትደራርብ ደግሞ ቤቱ የሚወስደውም አብሮ ይደራረባል። እንዲህ ባለ ኦድ ያለ ተለየ እውቀት የምታስይዘው 100 ብር፣ በብዙ ቲኬት አማካይ ወደ 63 ብር ይወርዳል። አሥር ከሆነ ወደ 40። «አንድ ጨዋታ ናት የበላችኝ» እያልክ የምትቆጨው ለዚህ ነው። ድርብርቡ ቲኬት የተሠራው ብዙ ጊዜ አንዷ እንድትበላህ ተደርጎ ነው።

ወደ ቲፕስተሩ እንምጣ። የአንተን ሰው አላውቀውም፤ በስሙም አልፈርድም። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ግን ልንገርህ። ሰውየው 800 ተከታይ አለው እንበል። ለ400ው «ባለሜዳው ያሸንፋል» ይላል፤ ለ400ው «አያሸንፍም»። የተሳሳተባቸውን ይተዋቸዋል። የቀሩትን 400 ደግሞ ለሁለት ይከፍላል። ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የገባላቸው 100 ሰዎች እጁ ላይ አሉ። ለእነዚያ መቶዎቹ ሰውየው ነቢይ ነው። «ቪአይፒ (በክፍያ የሚገባበት ቡድን) ግቡ፣ ፊክስድ ጨዋታ (ውጤቱ አስቀድሞ በስውር የተወሰነ) አለ» የሚላቸው ያኔ ነው። ይሄ እንኳን ትንሽ የሚደክመው ሰው ዘዴ ነው። ሰነፉ ያልገባለትን ፖስት ይሰርዘዋል፤ ቻናሉ ላይ የሚቀረው አረንጓዴ ምልክት ብቻ ይሆናል። የአሸናፊ ቲኬት ስክሪንሹት ማቀናበርም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ከአወራራጁ ድርጅት ጋር ውል አላቸው፤ በላኩልህ ሊንክ ከተመዘገብክ አንተ ከተበላኸው ላይ ድርሻ ይደርሳቸዋል። እስቲ አስበው፤ መካሪህ የሚያገኘው አንተ ስትከስር ነው።

በርግጥ ውጤቱን የሚያውቅ ሰው በጥቂት መቶ ብር ለማያውቀው ሰው ይሸጣል? ዝም ብሎ ራሱ አያስይዝም?

ስለ ብራይተኑ ቶኒ ብሉምና ስለ ብሬንትፎርዱ ማቲው ቤንሃም ያነሳኸው እውነት ነው። ሁለቱም በውርርድ ከብረዋል። ግን ስታርሊዛርድና ስማርትኦድስ የተባሉት ድርጅቶቻቸው ቀኑን ሙሉ ቁጥር የሚፈትሹ ባለሙያዎችን የቀጠሩ ናቸው፤ በወር ክፍያ የቴሌግራም ምክር የሚጠብቅ ሰው ከእነሱ ጋር አይሰለፍም። ውጭ አገር ያሉ ብዙ አወራራጆችም ዘወትር የሚያሸንፍ ደንበኛ ሲያገኙ የሚያስይዘውን መጠን ይቀንሱበታል፤ አልፎም አካውንቱን ይዘጉበታል። በሩን የሚከፍቱት ለሚያሸንፍ ሳይሆን ለሚከስር ነው። ብሬንትፎርድን ካነሳህ አይቀር የዚያው ክለብ አጥቂ የነበረውን አይቫን ቶኒንም አስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ2023 የውርርድ ደንብን 232 ጊዜ በመጣሱ ስምንት ወር ከሜዳ ታገደ። በሐኪም ሲታይም የቁማር ሱስ እንዳለበት ተረጋገጠ። ኳስን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ቲፕስተር ካለህ ንገረኝ።

እስካሁን ያወራነው ግን «አያዋጣም» የሚለውን ነው። ይሄ ደግሞ የእምነት መልስ አይደለም። የሚያዋጣ ቢሆንስ? አንተ እውነትም አዋቂ ሆነህ፣ ደብተርህ በየዓመቱ ትርፍ ቢያሳይስ? ያኔም አይሆንም ነው የምልህ።

ምክንያቱም ብሩ ከየት መጣ? ነጋዴ ሲያተርፍ ገዢው ጤፉን ይዞ ይሄዳል። ሐኪም ሲከፈለው በሽተኛው ይድናል። በውርርድ ግን አንተ የምታገኘው ሌላው ያጣውን ነው፤ በምትኩ ምንም አልሰጠኸውም። ያ ሰው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ማታ ቤቲንግ ቤት ሄደህ ቆመህ እየው። ስክሪኑ ስር ያለው የቀን ሠራተኛ ነው፣ የታክሲ ረዳት ነው፣ የእናቱን የዕቁብ ብር ይዞ የመጣ ልጅ ነው። 90ኛው ደቂቃ ላይ ቲኬቱን ጨምድዶ መሬት ላይ ይጥለዋል። ያንተ የረጅም ጊዜ ትርፍ ከዚያ ወለል ላይ የተለቀመ ነው። አምላካችን ለአዳም «በፊትህ ወዝ እንጀራን ትበላለህ» ሲለው በጎረቤትህ ወዝ አላለውም። አሥረኛዋ ትእዛዝም የባልንጀራህን ገንዘብ አትመኝ ትላለች፤ ውርርድ ደግሞ ያለዚያ ምኞት አይንቀሳቀስም።

ዕጣውን በተመለከተ፣ ማትያስ በዕጣ መመረጡ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ተጽፏል። ግን ማን ብር አስያዘ? ማንስ ተበላ? ጸልየው፣ እኩል ከሚገባቸው ከሁለት ሰዎች የትኛውን እንደመረጠ እንዲያሳያቸው ለእግዚአብሔር ተዉለት። በዕጣ ዕቃ የተካፈሉትን ከፈለግህ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 አሉ፤ የጌታን ቀሚስ ለማግኘት ዕጣ የተጣጣሉት ወታደሮች ናቸው።

የሚገርመው፣ ውርርድ ራሱ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ በግልጽ አለ፤ ሰው ብዙም አያነሳውም። መሳፍንት ምዕራፍ 14ን አንብብ። ሶምሶን በሠርጉ ላይ ለ30 ፍልስጥኤማውያን እንቆቅልሽ ሰጠ። በሰባቱ የግብዣ ቀናት ከፈቱት 30 የበፍታ ቀሚስና 30 ልውጥ ልብስ ሊሰጣቸው፣ ካቃታቸው እነሱ ሊሰጡት ተስማሙ። ሶምሶን እንደማይሸነፍ እርግጠኛ ነበር፤ መልሱን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለማ። እነሱ ምን አደረጉ? ሙሽራይቱን ያዟት። ካልነገርሽን አንቺንም የአባትሽንም ቤት በእሳት እናቃጥላለን አሏት። እያለቀሰች ነዘነዘችው፤ ነገራት፤ ነገረቻቸው። ፊክስድ ጨዋታ የዛሬ አይደለም ማለት ነው። ሶምሶንም በጊደሬ ባታርሱ ኖሮ ባልፈታችሁት ነበር ብሎ ተናደደ። ግን ዕዳው ዕዳ ነው። አስቀሎና ወረደ፣ 30 ሰዎች ገደለ፣ ልብሳቸውን ገፎ ከፈለ። የእግዚአብሔር መንፈስ በሶምሶን ላይ የወረደው በፍልስጥኤማውያን ላይ ስለነበረው ፍርድ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የውርርዱን መንገድ ብቻ ተከተል። የተወራረዱት ሶምሶንና ሠላሳዎቹ ነበሩ፤ የከፈሉት ግን ውርርዱን ሰምተውት የማያውቁ የአስቀሎና ሰዎች ናቸው። ሚስቱም ለሌላ ተሰጠች። ተበልቶ የወንድሙን ላፕቶፕ የሚሸጥ ልጅ ሲገጥመኝ ይህ ምዕራፍ ትዝ ይለኛል።

ቀኖና ከፈለግህም አለ። በሐዋርያት ስም ከሚታወቁት፣ 85 ተብለው ከሚቆጠሩት ቀኖናት 42ኛውና 43ኛው በዳይስ ቁማርና በስካር የተጠመደ ሰው ይተው፣ ካልተወ ካህን ቢሆን ከክህነቱ ይሻር፣ ምእመን ቢሆን ይለይ ይላሉ። ቁማርን ከስካር ጋር ያስቀመጡት ሁለቱም ሰውን ስለሚይዙት ነው።

ስለ ስለትም እግረ መንገዴን ልናገር። «ሚካኤል ሆይ፣ ይቺ ቲኬት ከገባች ጃንጥላ አስገባለሁ» የሚሉ እየበዙ ነው። ቅዱስ ሚካኤል የአንዱን ኪስ አራግፎ ለሌላው የሚሰጥ ካሸር አይደለም። እንዲህ ያለ ስለት የተሳለ ሰው ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ እንዴት እንደሚፈታው እሳቸው ይነግሩታል።

አሥራቱም ከዚህ አይለይም። ኦሪት ዘዳግም 23 የጋለሞታን ዋጋ ወደ እግዚአብሔር ቤት አታምጣ ይላል። እግዚአብሔር ብር ስለጎደለው አይደለም አሥራት የሚጠይቀው፤ ከመቶ አሥሩን ስለተቀበለ ዘጠናው ንጹሕ አይሆንም። በእጅህ ያለው ትርፍ ግን ምን ይሁን ካልከኝ ዘኬዎስን እይ። የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ፣ የሀብቴንም እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ አለ። የተበላውን ሰው አንተ ስለማታውቀው ልትመልስለት አትችልም። ስለዚህ ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካክረህ ለተቸገረ ስጠው። ከወንድምህ ጀምር፤ እሱን ታውቀዋለህ። የከሰረው ካለ ክፈልለት። ትምህርት ሰጥተኸው ብቻ ያቆማል ብለህ አትጠብቅ፤ አንተ ስትተው ካላየ አይተውም።

ኳስ ማየት ግን ኃጢአት ነው አልልህም። እኔም አያለሁ፤ ቡድኔን አልነግርህም። ያለ ቲኬት አንድ ጨዋታ ቁጭ ብለህ ማየት ካቃተህ፣ ልብህ ስልኩ ላይ ከሆነ፣ እንቅልፍም ከነሳህ፣ ነገሩ ከልማድ አልፎ ሱስ ሆኗል። ያኔ ከንስሐውና ከጠበሉ ጋር ሐኪምም አማክር። አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ፤ እዚያ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

አሁን አካውንትህ ውስጥ የቀረ ብር ካለ አውጣው፣ አካውንቱን ዝጋ፣ ከቪአይፒውም ውጣ። «ይቺን የመጨረሻ ቲኬት ልቁረጥና» አትበል። ንስሐ አባትህ ጋር ደግሞ እስከ ዓርብ ድረስ ሂድ፤ ቅዳሜ ጨዋታ አለ።