ለአንድ የሂሳብ ጥያቄ ብለሽ ሥራ ትለቂያለሽ?

የጻፍሽልኝ ባጭሩ ይህ ነው፦ በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጥረሻል፤ ለቢዝነስ ማስተርስ ጂማት ልትፈተኚ ነው። በልምምድ ላይ «የ8¹⁰ − 2²⁴ ትልቁ ፕራይም ፋክተር ስንት ነው?» ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ እጅሽ ይታሰራል። (ፕራይም ፋክተር ማለት ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍል፣ ራሱ ግን ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል ቁጥር ነው።) ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ «ሥራሽን ልቀቂ፣ ውዱን ኮርስ እኔ እከፍልልሻለሁ» ይላል። ዕድሜሽና የማመልከቻ ድርሰቱም አሳስበውሻል።

ሥራሽን አትልቀቂ። ወንድምሽ የሚከፍለው የኮርሱን ብቻ ነው፤ የሚቋረጠው ደመወዝና የሥራ ልምድ ያንቺ ነው። የጂማት ውጤት 5 ዓመት ስለሚያገለግል የሚያጣድፍሽ ነገር የለም። ኮርስ ስለተወደደም ነጥብ አይጨምርም። ያቃተሽ አንድ ልማድ ነው፤ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ተቀምጠሽ ታስተካክይዋለሽ።

ጂማት ላይ የሂሳቡ ክፍል 21 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ 2 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ይደርስሻል። በዚህ ክፍል ካልኩሌተር የለም። (ሌላው የማስተርስ መግቢያ ፈተና ጂአርኢ ካልኩሌተር በስክሪን ላይ ይሰጣል፤ ግን ከ8 አሃዝ በላይ አይዝም፣ 8¹⁰ ደግሞ 10 አሃዝ ነው።) ጥያቄውን ያወጣው ሰው እንድታሰይ አልፈለገም። የፈለገው መቀነሱን ወደ ማባዛት እንድትቀይሪው ነው፤ ፕራይም ፋክተር የሚታየው በብዜት ውስጥ ነውና።

መጀመሪያ ቤዙን (ከታች ያለውን ትልቁን ቁጥር) ወደ ፕራይም አውርጂ፦ 8 = 2³ ስለሆነ 8¹⁰ = 2³⁰። ከዚያ ትንሹን ፓወር ከቅንፍ ውጪ አውጪ፦ 2³⁰ − 2²⁴ = 2²⁴(2⁶ − 1) = 2²⁴ × 63። 63 ደግሞ 3² × 7 ነው። መልሱ 7። በላክሽልኝ ወረቀት ላይ ግን 2³⁰ − 2²⁴ = 2⁶ ብለሻል። ኤክስፖነንት (ከላይ በትንሹ የሚጻፈው ቁጥር) የሚቀናነሰው ስናካፍል እንጂ ስንቀንስ አይደለም። በተጠራጠርሽ ቁጥር በትንሽ ቁጥር ሞክሪው፦ 2⁵ − 2³ = 32 − 8 = 24 እንጂ 2² አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ቅንፉን ብቻ ማየት ነው። 5¹² − 5¹⁰ = 5¹⁰ × 24። ብዙ ሰው 24ን ሰባብሮ «3» ይላል፤ 5 ግን ከቅንፉ ውጪ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ቤዞቹ ሲለያዩም ያው ነው። 6⁶ − 12⁴ን ብትወስጂ፣ 6⁶ = 2⁶ × 3⁶፣ 12⁴ = 2⁸ × 3⁴። ከእያንዳንዱ ፕራይም ዝቅተኛውን ኤክስፖነንት ታወጫለሽ፦ 2⁶ × 3⁴ × (3² − 2²)። ቅንፉ 5 ነው፤ መልሱም 5። በ6ም በ12ም ውስጥ 5 የለም፤ ፈታኞች ይህን ዓይነት ጥያቄ የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል።

የጋራ ነገር ጭራሽ ከሌለ፣ ኤክስፖነንቶቹም ጎዶሎ ካልሆኑ፣ የካሬዎች ልዩነት ተጠቀሚ። 3⁸ − 2⁸ = (3⁴ − 2⁴)(3⁴ + 2⁴) = 65 × 97። 65 ወደ 5 × 13 ይፈርሳል። የመደመሩን ቅንፍ (3² + 2²)² ብለሽ እንዳትጽፊ፤ 97 እና 169 አንድ አይደሉም። 97 ፕራይም መሆኑን ለማረጋገጥ በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 መሞከር ይበቃል፤ 11² = 121 ስለሆነ ከዚያ ማለፍ አያስፈልግም። በዓይን ገምተሽ ግን «ፕራይም ይመስላል» አትበይ፦ 2¹¹ − 1 = 2047 ሲሆን ፕራይም መስሎ 23 × 89 ሆኖ ይገኛል።

ዕድሜሽ ችግር አይደለም። ድርሰቱን የሥራ ልምድሽ ይጽፈዋል፤ አንዱ ምክንያቴ ይኸው ነው ሥራሽን አትልቀቂ የምልሽ። ትምህርቱንም ቢሆን እየሠራሽ በማታ የምትማሪበትን ፕሮግራም አስቀድመሽ ፈልጊ።

ለዛሬ ማታ ሁለት ጥያቄ፦ የ9⁶ − 3⁸ እና የ7⁶ − 1 ትልቁ ፕራይም ፋክተር። የመጀመሪያው 5፣ ሁለተኛው 43 ነው። ለሁለተኛው 19 ካገኘሽ 342ን ብቻ ሰብረሽ 344ን ትተሻል ማለት ነው።