ባሕሩ የማን ነው? ለወሎ ተጓዦች ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከዙሪያዋ ወደ ውጭ የምትወጡ ሰዎች ስለ ባሕር ዳርቻ ስትጠይቁኝ ሰነበታችሁ። ዱባይም ቤይሩትም ኖሬያለሁ፤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ዱባይ ልሄድ ነው። ባሕር ለመግባት ይከፈላል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ካይት ቢች የሚባለው ዳርቻ የሕዝብ ነው፤ የመግቢያ ክፍያ የለውም። ለሴቶች ብቻ ቀን ወይም ቦታ የለዩ ዳርቻዎችም አሉ፤ ጠይቂ። አንድ ነገር አደራ፦ ሰው ሳታስፈቅጂ ፎቶ አታንሺ። በአገሩ ሕግ ያስከስሳል።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ «የግል ዳርቻ» ሲባል ባሕሩም የግል ነው?

መልስ፦ በብዙ አገር ባሕሩ አይሸጥም። የሚሸጠው ወንበሩ፣ ዣንጥላው፣ ሻወሩ ነው። ኬንያ ዲያኒ ላይ ሆቴሎች ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው ያለው አሸዋ ግን የሕዝብ ነው። እኔ ፎጣዬን ዘርግቼ ስቀመጥ ዘበኛው መጣ። ልቤ ድንግጥ አለ። እሱ ግን ወንበሩን ብቻ እንዳልነካ ነግሮኝ ሄደ። ጣሊያንም ዣንጥላ በረድፍ ይከራያል፤ ገንዘብ ማውጣት ካልፈለግህ «ስፒያጃ ሊቤራ» የሚል ፈልግ፣ ነጻ ዳርቻ ማለት ነው።

ጥያቄ፣ ከወረኢሉ አንዲት እናት፦ ቤይሩት የምትሠራው ልጄ በእረፍቷ ባሕር ልትዝናና ሄዳ በር ላይ መለሷት። ጥፋቷ ምንድን ነው?

መልስ፦ እማማ፣ ልጅዎ ምንም አላጠፋችም። እዚያ አንዳንድ የግል መዝናኛዎች የአፍሪካና የእስያ የቤት ሠራተኞችን አያስገቡም። የአገሩ ቱሪዝም ሚኒስቴር እንዲህ እንዳይደረግ መመሪያ ቢያወጣም በር ላይ የቆመው ሰው ሁሌ አይሰማም። እኔንም ከበር መልሰውኛል፤ ፎጣዬ እንደተጠቀለለ፣ በዚያ ፀሐይ። ያማል። ረምለት አል-በይዳ የሚባለው ሰፊ አሸዋ ግን የሕዝብ ነው። ከጓደኞቿ ጋር ቡናዋን ይዛ ትሂድ፣ ንፋሱን ትቀበል። ፍሳሽ ስለሚገባበት ውሃው ውስጥ ግን አትግባ።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ ሐይቁ ላይ ነው ያደግሁት፤ ዋና አይከብደኝም። ባሕርም ያው አይደል?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፤ እዚህ ላይ ስማኝ። ጨዋማው ውሃ ያንሳፍፋል፤ ቀላል ይመስላል። ግን ከዳር ወደ ጥልቁ የሚጎትት ሞገድ አለ። ከያዘህ በቀጥታ ወደ ዳር አትታገል፤ ጉልበትህን ይጨርሰዋል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝ፣ ከሞገዱ ስትወጣ ወደ መሬት ተመለስ። ቀይ ባንዲራ ካየህ ጭራሽ አትግባ። ቀይና ቢጫው ደግሞ ነፍስ አድኖች የሚጠብቁት ቦታ ነው፤ በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ዋኝ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ አንድ ሹፌር፦ ጅቡቲ መስመር ነኝ። አሳል ሐይቅ ይዋኛል?

መልስ፦ ይገባበታል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ ጨውነቱ ከባሕር አሥር እጥፍ ይጠጋል። ቁስል ካለብህ ተወው፣ ዓይንህንም ጠብቅ። ጨው ጠርዙ ይቆርጣል፤ ጫማህን አታውልቅ። መታጠቢያ አንድ ጀሪካን ውሃ መኪናው ላይ ጫን፤ ያለዚያ ጨዉ ደርቆ እስከ ሚሌ ሲያሳክክህ ይመጣል።